ቁፋሮ ጀምራችሁ ግራንት አትጠይቁ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በደሴ የምንገኝ፣ ከተቋቋምን ብዙም ያልቆየን የሮታሪ ክለብ ነን። በተሁለደሬ ወረዳ በአንድ ቀበሌ ያለ ምንጭ አጎልብተን በቧንቧ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ጤና ኬላው ልናወርድ አስበናል። ጀርመን አገር ያለ አንድ ክለብ 25,000 ዶላር ሊልክልን ቃል ገብቷል። የሮታሪ ፋውንዴሽን እጥፍ ያደርገዋል ስለተባልን በ50,000 አቅደናል። ክረምቱ ሳይገባ ብለን ከአባላት አዋጥተን ለኮንትራክተር ቅድሚያ ክፍያ ሰጥተናል፤ የቧንቧው ቦይ ቁፋሮም ተጀምሯል። ኮንትራክተሩ የአንድ አባላችን ወንድም ስለሆነ በዋጋ ረድቶናል። ክለቡ የባንክ ሒሳብ ስለሌለው ገንዘቡ በገንዘብ ያዣችን ስም ይገባል። ፕሮፖዛሉን ለማን እንላክ? ከበጀቱስ ለአባላት አበልና ትራንስፖርት ስንት ፐርሰንት መያዝ ይፈቀዳል?»

ቁፋሮውን አቁሙ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ለሮታሪ ክለቦች የበጎ ፈቃድ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው የሮታሪ ፋውንዴሽን የተጀመረ ወይም ያለቀ ሥራ አይደግፍም። ግራንቱ፣ ማለትም የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ፣ ከመጽደቁ በፊት የወጣ ወጪም አይተካም። «ለጊዜው ከኪሳችን እናውጣ፣ በኋላ እናወራርደዋለን» የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም።

የእኛ አገር ልማድ ሌላ መሆኑ ይገባኛል። ድጋፍ ፍለጋ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ «እናንተ ጀምሩት፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ትባላላችሁ። መሠረት የቆፈረና ድንጋይ የከመረ ቅድሚያ ያገኛል፤ መጀመሩ የቁርጠኝነት ምልክት ነው። ፋውንዴሽኑ ጋ ግን ይኸው ድርጊት የሚነበበው በተቃራኒው ነው። ጥናቱ ሳይታይ፣ ዋጋው ሳይወዳደር፣ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ደግሞ ያንን ሁሉ አስቀድሞ ለማየት ነው ማመልከቻ የሚጠይቁት።

የተቆፈረውስ ምን ይሁን? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ የጀመራችሁትን ክፍል በራሳችሁ ገንዘብ ጨርሳችሁ፣ በሰነድ ዘግታችሁ፣ ገና ላልተነካና ራሱን ለቻለ ሌላ ምዕራፍ ማመልከት ነው። ሌላው፣ ከኮንትራክተሩ ጋር የተሠራውን በሜትር ለክታችሁ፣ የሠራበትን ከፍላችሁ፣ ቀሪውን ቅድሚያ አስመልሳችሁ ውሉን ማቋረጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ወደ ምንጩ ስንደርስ ታገኙታላችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ ክፍቱን ቦይ ክረምት ሳይገባ መልሳችሁ ድፈኑት። ሐምሌ ላይ ውሃ ከሞላው ልጅም ከብትም ይገባበታል፣ ያኔ ስማችሁ የሚነሳው በሌላ ነው። የተጀመረ ነገር እንደነበረም ለዲስትሪክታችሁ፣ ማለትም የአካባቢውን የሮታሪ ክለቦች ለሚያስተባብረው አካል፣ የፋውንዴሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ ራሳችሁ ንገሩ። ሰው በስልኩ ያነሳው ፎቶ ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ተደብቆ የተገኘ ነገር ይህን ማመልከቻ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ያበላሻል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ፋውንዴሽኑ እጥፍ ያደርጋል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። ድሮ አንድ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ለሚያመጣ ክለብ ፋውንዴሽኑ ሃምሳ ሳንቲም ይጨምር ነበር፤ ዲስትሪክት ከድርሻው ለሚያወጣው ደግሞ ዶላር በዶላር። ያ ቀርቷል። አሁን ለጥሬ ገንዘብ መዋጮ ጭማሪ የለም። ጭማሪ ያለው «ዲዲኤፍ» ለሚባለው፣ ማለትም ዲስትሪክቱ ራሱ ለሚያዝበት የፋውንዴሽን ፈንድ ብቻ ነው። እሱም 80 በመቶ ነው፤ የሚመጣውም ፋውንዴሽኑ ራሱ ከሚያዝበት የዓለም ፈንድ ነው።

በእናንተው ቁጥር እንየው። ጀርመኖቹ 25,000 ዶላሩን ከአባሎቻቸው ኪስ አዋጥተው ቢልኩ ፋውንዴሽኑ የሚጨምረው ባዶ ነው። እንዲያውም ጥሬ ገንዘብ በፋውንዴሽኑ በኩል ሲያልፍ 5 በመቶ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ 1,250 ዶላር መሆኑ ነው። ጠቅላላው ደግሞ ግሎባል ግራንት፣ ማለትም ከውጭ አገር ክለብ ጋር በጋራ የሚጠየቀው ትልቁ ድጋፍ፣ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ በጀት በታች ነው። ያ ዝቅተኛ በጀት 30,000 ዶላር ነው። ይኸው 25,000 ከዲስትሪክታቸው ዲዲኤፍ ቢመጣ ግን 20,000 ይጨመርለትና 45,000 ይሆናል። ስለዚህ ለጀርመኖቹ የምትጽፉት የመጀመሪያ ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ነው የሚወጣው?» የሚል ይሁን። ስንት እንደሆነ በኋላ ይደረስበታል። ብዙ ጊዜ ቃል የገባው የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው፤ ስለ ዲዲኤፍ የሚወስነው ግን ዲስትሪክቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በያመቱ ይቀየራል። የሮታሪ ዓመት ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 23 ነው። በግንቦት የተገባ ቃል በሐምሌ ባለቤት ሊያጣ ይችላል። በጽሑፍ ያዙት።

በነገራችን ላይ ዲዲኤፍ ከሰማይ አይወርድም። በዲስትሪክታችሁ ያሉ አባላት ለፋውንዴሽኑ ዓመታዊ ፈንድ የሰጡት ገንዘብ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከፊሉ ለዲስትሪክቱ የሚመለሰው። ለፋውንዴሽኑ ስባሪ ሳንቲም ሳይሰጥ ግራንት የሚጠይቅ ክለብ ሕግ አልጣሰም። የሚያየው ዓይን ግን ሌላ ነው።

«ፕሮፖዛሉን ለማን እንላክ?» ለማንም አትልኩም። ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ በኢሜይል መላክ የሚባል ነገር የለም። ግሎባል ግራንት የሚሞላው በሮታሪ ድረ ገጽ ላይ ባለው የግራንት ማዕከል ነው። ሁለት ስፖንሰር ይፈልጋል፦ ሥራው ያለበት አገር ክለብ፣ እሱ እናንተ ናችሁ፣ እና የውጭ አጋር ክለብ። ሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሮታሪያን (የክለብ አባላት) ያሉበት ኮሚቴ ያቋቁማል። ሲጠናቀቅ ከሁለቱም በኩል ፕሬዚዳንቶችና የዲስትሪክት ኃላፊዎች ያጸድቁታል። ጀርመኖቹ ገንዘብ ሰጥተው ዞር የሚሉ ለጋሾች አይደሉም፤ እስከ መጨረሻዋ ሪፖርት ድረስ እኩል ተጠያቂ ናቸው። ይህን ካላወቁ አሁኑኑ ይወቁት።

ከዚያ በፊት ግን ክለባችሁ ብቁ መሆን አለበት። በያመቱ ቢያንስ አንድ አባል የዲስትሪክቱን የግራንት አስተዳደር ሥልጠና ይወስዳል። ፕሬዚዳንቱና ተተኪው ፕሬዚዳንት ከዲስትሪክቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈርማሉ። ሰነዱን ሳታነቡ አትፈርሙ። ገንዘቡ ቢጠፋ፣ ቢባክን፣ ሪፖርት ቢዘገይ ተጠያቂው ክለቡ እንደሆነ ይናገራል። ሪፖርት ያሳደረ ክለብ ሌላ ግራንት አያገኝም።

የገንዘብ ያዣው የግል አካውንት ነገር ጭራሽ አይታሰብም። ሰውየው ታማኝ ነው፣ እሺ። ነገ ቢታመም፣ ቢሰደድ፣ ከባለቤቱ ጋር ቢካሰስ ገንዘቡ የማን ነው? በሕግ የእሱ ነው። ግራንቱ የሚጠይቀው ለዚያ ሥራ ብቻ የተከፈተ፣ ቢያንስ በሁለት ሮታሪያን ፊርማ የሚንቀሳቀስ የተለየ አካውንት ነው። በክለቡ ስም አካውንት ለመክፈት ደግሞ ክለቡ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል። አገር ውስጥ ያለው መንገድ በዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ነው። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የኃላፊዎች ማንነት ይጠይቃል። ከተመዘገባችሁ በኋላ ዓመታዊ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታም ይመጣል። ስብሰባ ላይ ስለዚህ ማውራት አሰልቺ ነው፤ ምሳ ላይ ማንም አያነሳውም። ግን ካለዚህ አንድ ዶላርም አይገባም።

አበል። መልሱ አጭር ነው፦ ለአባላት የለም። ሮታሪያን በጎ ፈቃደኛ ነው። አባል፣ የአባል ባለቤት፣ ልጅ ወይም ወላጅ ከግራንት ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም። የጤና ኬላው ሠራተኛ ወይም የወረዳው ባለሙያ መደበኛ ደሞዝም ከግራንት አይሸፈንም። ወደ ሐይቅ ከተማ መውጫ የነዳጅ ወጪ ካለ በራሳችሁ መዋጮ ቻሉት። «ትንሽ ፐርሰንት» ብሎ መጀመር ብዙ ክለብ ሲያባላ አይቻለሁ፤ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት እንኳ።

የአባላችሁ ወንድም የሆነው ኮንትራክተር ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ዝምድና ብቻውን አይከለከልም፤ የተደበቀ ዝምድና ነው ችግሩ። አባሉ ግንኙነቱን በጽሑፍ ያሳውቃል፣ ከግራንት ኮሚቴው ይወጣል፣ ወንድምየው ደግሞ እንደማንኛውም ተጫራች ይወዳደራል። በዋጋ ረድቶን ነው ማለታችሁ አይበቃም። ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው የረዳችሁ? ሌላ ዋጋ አላያችሁም።

ስለ ዋጋ ማወዳደር ካነሳን፣ ፕሮፎርማ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። አንድ ክለብ ለቧንቧና ለመገጣጠሚያ የሰበሰባቸውን ሦስት ፕሮፎርማዎች እንዳይ ተሰጠኝ። ሦስት የተለያየ ማኅተም፣ ሦስት የተለያየ አድራሻ። ዋጋቸው በሥርዓት እየጨመረ ይሄዳል። ሦስቱም ላይ ግን «ጋልቫናይዝድ» የሚለው ቃል «ጋቫላይዝድ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም ተራ ቁጥር 4 ላይ መደመሩን ስተዋል፣ በዚያው በአንድ መጠን። አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ሠርቷቸዋል ማለት ነው። ይህን ደሴ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ በደቂቃ ይይዘዋል፤ ኦዲተርማ ሳይቀመጥ። ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩንና የቧንቧውን ዲያሜትርና የግፊት ደረጃ ራሳችሁ ጻፉ። ለሦስቱም ያው ዝርዝር ይድረስ፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ዋጋ ይምጣ። ፖስታው በአንድ ቀን በኮሚቴ ፊት ይከፈት። ዋጋው 15 በመቶውን ቫት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በጽሑፍ ይመለስ። ቫት ተረስቶ በጀት የጎደለበት ክለብ ጥቂት አይደለም። «ለልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል የእጅ ደረሰኝ አትቀበሉ። ቲን ቁጥር፣ ቀን፣ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ የሌለው ወረቀት ወረቀት ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም።

አሁን ወደ ምንጩ። ጥያቄያችሁ ስለ ገንዘብ ብዙ ይላል፤ ስለ ውሃው ግን ምንም አይልም። ምንጩ በሰከንድ ስንት ይሰጣል? የለካው አለ? መቼ?

አለካኩ ቀላል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ አፍ ላይ ደቅኑና በስልክ ሰዓት ያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በዚያ ሒሳብ 1,700 ሰው ገደማ ይበቃዋል። ደስ ይላል። ግን ይህን የለካችሁት በመስከረም ከሆነ ተሸውዳችኋል። ክረምት የጠጣ ተራራ በመስከረም ሁሉም ምንጭ ነው። ያው ጀሪካን በበጋው ማለቂያ፣ በልጉ ሳይገባ፣ በሦስት ደቂቃ ቢሞላ በቀን 9,600 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። 384 ሰው። ተማሪው፣ ታማሚው፣ የመንደሩ ሰውና ከብቱ ሁሉ በዚያ ላይ ነው። በጀት የሚሠራው በዚህ በትንሹ ቁጥር ነው። ለዚህ ነው ቁፋሮውን ተዉት ያልኳችሁ። ያልተለካ ምንጭ ላይ ቧንቧ የሚዘረጋ የለም። በትንሹም ቁጥር የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅም ማጠራቀሚያ ካላችሁ ብዙ ይሠራል፤ ግን ያንን የሚወስነው የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት መሐንዲስ ነው። የውሃ ጥራት ምርመራም እንዲሁ። ጥርት ብሎ ስለታየ ይጠጣል ማለት አይደለም፤ ከላይ የግጦሽ መሬት ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የሰገራ ባክቴሪያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ምንጩ የማን ነው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ትላላችሁ። አዎ። ግን ምንጩ ያለበት ማሳ በአንድ ገበሬ የይዞታ ደብተር ላይ አለ። ከምንጩ በታች ደግሞ ለሽንኩርቱና ለጫቱ ውሃ የሚጠልፍ ሰው አለ። ቧንቧው ሲዘረጋ የሚያጣው እሱ ነው። አንድ ሌሊት በመጥረቢያ የሚቆረጠው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የሌባ ሥራ አይደለም፣ ያልተጠየቀ ሰው ሥራ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚፈታው የእናንተ ክለብ አይደለም። ቅሬው ነው። አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ አባጋሮቹ ናቸው። ለውጭ አጋራችሁ ቅሬ ማለት እንደ እድር ያለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቀብርና ለችግር የሚሰበሰብበት የመንደር ማኅበር መሆኑን ጻፉላቸው። ቅሬው ያልተቀበለው ውሃ ሁለት ክረምት አያልፍም። የተስማሙትም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ስም፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የቀበሌው ማኅተም። የታችኛው ገበሬ ምን ያህል ሰዓት ውሃ እንደሚለቀቅለት ጭምር ይጻፍ።

ፋውንዴሽኑ ይህን የማኅበረሰብ ፍላጎት ዳሰሳ ይለዋል። ለግሎባል ግራንት ግዴታ ነው፤ ውጤቱም ከማመልከቻው ጋር ይገባል። ብዙ ክለብ ግን ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ቡና ጠጥቶ ይመለስና «ሕዝቡን አወያይተናል» ብሎ ይሞላል። አንድ ጊዜ ደቡብ ወሎ ውስጥ የተሠራ ቦኖ አይቻለሁ። ስሚንቶው ያማረ፣ የለጋሾቹ ምልክት የተለጠፈበት፣ በሽቦ አጥር የታጠረ፣ በቁልፍ የተዘጋ። ሴቶቹ አጠገቡ አልፈው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ቁልፉ የታለ ብዬ ጠየቅሁ። ቁልፍ ያዡ ሥራ አግኝቶ ኮምቦልቻ ገብቷል። ሌላ ቁልፍ ለምን አልተሠራም? የማሠሪያው ገንዘብ የሚወጣበት ሒሳብ የለም። ሒሳቡስ ለምን የለም? ለአንድ ጀሪካን ስንት ይከፈል የሚለውን ያወያያቸው የለም። አንዲት እናት «አብሽር፣ እኛስ ወንዙን ለምደነዋል» አለችኝ። ውሃው ነበር፣ ቧንቧው ነበር፣ ግራንቱም በሪፖርት ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ዳሰሳው ላይ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ለብቻቸው አነጋግሩ። ወንዶቹ ባሉበት አይናገሩም። ርእሰ መምህሩን ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለ እጅ መታጠቢያው ጠይቁት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ውሃ ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ጠይቋት። ከዚያ ከወረዳው ጋር ሆናችሁ ሴቶች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ ይቋቋም፤ የጀሪካን ዋጋ ይወስን፤ መለዋወጫ የሚገዛበት ሒሳብ ይክፈት። ይህ ከቧንቧው በፊት ነው እንጂ ከምርቃቱ በኋላ አይደለም። ሌላም ማን እየሠራ እንዳለ አጣሩ። በ2014 ጦርነት በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ እርዳታ ያልመጣ አይደለም፤ ግን አንዱ ጋ ሁለት ጊዜ አልጋ ሲገባ ሌላው ጋ ውሃ ሳይኖር የቀረበት አጋጣሚ አለ። ወረዳው ዕቅድ ውስጥ ያስገባው ምንጭ ከሆነ በአንድ ቦይ ሁለት ቧንቧ ልትዘረጉ ነው።

ሕዝቡ በጉልበት የሚያዋጣው አለ፤ ድንጋይ ማቅረብ፣ ቦይ መቆፈር። ግሩም ነው፣ በዳሰሳው ላይ ጻፉት። በበጀት ላይ ግን እንደ መዋጮ ተቆጥሮ የፋውንዴሽን ገንዘብ አያስጨምርም። ትምህርት ቤቱ «በዚያው አንድ ክፍል ጨምሩልን» ቢል ደግሞ ገና ከጅምሩ አይቻልም በሉ። በግሎባል ግራንት የውሃ መስመር፣ ማጠራቀሚያ፣ መጸዳጃ ቤት ይገነባል፤ ሰው የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት አዲስ ሕንፃ ግን አይገነባም። መሬትም አይገዛም። ለጤና ኬላው በጥሬው የሚሰጥ ገንዘብም የለም።

ምንዛሪን ቀላል አታድርጉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በ57 ብር ገደማ ስሌት በጀት ይዞ የነበረ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲደርስ አይቷል። በብር ትርፍ መስሎ ይታያል። ያ ትርፍ የክለቡ አይደለም፣ የሥራው ነው። ከጸደቀው በጀት ውጭ ለማዋል ደግሞ የፋውንዴሽኑን ፈቃድ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ከውጭ የሚገባው ቧንቧና ፓምፕ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ባንኩ የመነዘረበትን ማስረጃ አስቀምጡ። በጀቱ ላይ ለመጠባበቂያ ያዙ። ሥራው አልቆ ከ500 ዶላር በላይ ከተረፈ ይመለሳል። «የተረፈውን ለምርቃቱ በግ እንግዛበት» የሚል ሐሳብ ከአንዳችሁ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ። በጉን ከኪሳችሁ።

ሪፖርት የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በ12 ወር ውስጥ፣ ከዚያም በየ12 ወሩ ይቀርባል። ሥራው ሲያልቅ በሁለት ወር ውስጥ የመጨረሻው ይገባል። ሰነዱ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይቀመጣል። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሳይሆን የክለቡ ፋይል ውስጥ፤ ፎቶ ኮፒውም ሌላ ቦታ። የቴርማል ወረቀት ደረሰኝ በዓመቱ ነጭ ስለሚሆን ቀድማችሁ ቅዱት። መንገድ ተዘግቶ ሥራ ቢቆምም ጻፉ። ወሎ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ስለሚያውቁ መዘግየቱ አያስወቅሳችሁም፤ ዝምታው ነው የሚያስወቅሳችሁ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዘንድሮ ግሎባል ግራንት አትጠይቁ። ዲስትሪክት ግራንት ጠይቁ። እሱ የውጭ አጋር አይፈልግም፣ 30,000 ዶላርም አይፈልግም። ዲስትሪክቱ ከዲዲኤፉ እስከ ግማሹን ለእንዲህ ዓይነት ትናንሽ ሥራዎች በአንድ ጥቅል ወስዶ ለክለቦች ያከፋፍላል። የማመልከቻ ቀኑንና ጣሪያውን የሚወስነው ራሱ ስለሆነ እነሱን ጠይቁ። በዚያ ገንዘብ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን የእጅ መታጠቢያና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሥሩ። ትንሽ ነው። ግን አካውንት መክፈትን፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብን፣ ማወራረድን፣ በሰዓቱ ሪፖርት ማድረግን በትንሽ ገንዘብ ትማሩበታላችሁ። ጀርመኖቹም ያንን ሪፖርት አይተው ይመዝኗችኋል። እናንተ ምንጩን እስከ የካቲት በየወሩ ለኩ፣ ቃለ ጉባኤውን አስፈርሙ፣ የወረዳውን ዲዛይን ያዙ። ግሎባል ግራንቱን ከዚያ በኋላ ክፈቱት። የሌላው የበጎ ፈቃድ ክለብ፣ የላየንስ አባል ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ካላችሁ፣ የእናንተ ፋውንዴሽን መመሪያ የራሱ ነው፤ ማመልከቻውም የሚያልፈው በዲስትሪክት በኩል ነው። የመለካቱና የማስፈረሙ ነገር ግን ለእናንተም ያው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሕዝቡ ተጠምቷል፣ አንድ ዓመት እንዴት ይቆያል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አስቸኳይ ችግር ካለ የውሃ ቦቴ፣ የውሃ ማከሚያ፣ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ጥገና አለ፤ ለዚያ ወረዳውን አናግሩና ከራሳችሁ መዋጮ አሁኑኑ አግዙ። ግራንት ለአስቸኳይ ጊዜ የተሠራ መሣሪያ አይደለም፤ ከማመልከቻ እስከ ክፍያ ወራት ይወስዳል።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለኮንትራክተሩ ሥራ ማቆሚያ ደብዳቤ ስጡና የተቆፈረውን ከሱ፣ ከቀበሌው ተወካይና ከእናንተ ሁለት ሰው ጋር ሆናችሁ በሜትር ለኩ። ለዲስትሪክቱ የፋውንዴሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ለጀርመኑ ክለብ ደግሞ ገንዘቡን እንዳይልኩ ንገሯቸው። ቀድመው በገንዘብ ያዣችሁ አካውንት ካስገቡት፣ ሳይነካ እንዲመለስላቸው ባንኩን ነገ ጠዋት አነጋግሩ።